የቤዝ ሳጥኑን ከመግዛትዎ በፊት የኋላ ወንበሩን ይለኩ

በዚህ ወር የማጫውትዎት ብዙዎቻችን በአጭሩ «ቤዝ» ስለምንለው ስለ ሳብዉፈር፣ በተለይም ፒካፕ መኪና ውስጥ ስለሚገባው ሳጥኑ ነው። «ይሄ የጎረምሶች ጉዳይ አይደል እንዴ?» ብለው ገጹን ከመግለጥዎ በፊት አንድ የቤተሰብ ጉዞ ልንገርዎት።

እናቴ የአምባሰል ልጅ ናት። ዘመድ ልትጠይቅ አገሯ እንድትሄድ ስትለምነን ከርማ በመጨረሻ በወንድሜ ደብል ካቢን ፒካፕ ይዘናት ወጣን። ወንድሜ ለጉዞው ብሎ አዲስ ቤዝ አስገጥሟል። ባለ 12 ኢንች፣ ከፊቱ ሰፊ ቀዳዳ ያለው ትልቅ ሳጥን ነው። ከወንበሩ ሥር አልገባ ስላለ የኋላው ወንበር መሃል ላይ፣ በእናቴና በባለቤቴ መካከል እንደ አንድ ተሳፋሪ ተቀመጠ። የስድስት ዓመቷ ልጃችን ቦታ ስላጣች አያቷ ጭን ላይ ሆነች። ያን ጊዜ ማናችንም ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠርነውም።

ደሴ አድረን በማግስቱ ወደ ሐይቅ ስንወጣ ወንድሜ የማሪቱ ለገሰን አምባሰል ከፈተ። እናቴ ትንሽ አዳመጠችና ወደ ፊት ጎንበስ ብላ፣ «ልጄ፣ ይቺ ልጅ ምን እያለች ነው? ድምድምታው ዋጣት እኮ!» አለች። ወንድሜ ድምፁን ጨመረ። ድምድምታውም አብሮ ጨመረ። እናቴ ዝም አለች፤ መስኮቱን ከፍታ ተራራውን ታይ ጀመር።

ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘን ሐይቅ ከተማ ደረስን። ውሃው ዳር መኪናውን አቁመን፣ ሞተሩን አጥፍተን፣ ዘፈኑን ግን ክፍት ትተን ዓሣ በላን። ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ከቆየን በኋላ ወንድሜ ቁልፉን ሲያዞር መኪናው «ጠቅ» ብሎ ቀረ። ባትሪው አልቋል። የሐይቅ ወጣቶች ገፍተው አስነሱልን፤ እግዜር ይስጣቸው።

እንግዲህ አንድ ሳጥን በአንድ ጉዞ ሦስት ነገር ወሰደብን፤ ወንበር፣ የዘፋኟን ድምፅና ባትሪ። ከዚያ በኋላ ወንድሜና እኔ ነገሩን ከሥሩ አጥንተን እንደገና ሠራነው። የተማርነውን ነው ዛሬ የማካፍልዎት።

ቤዙ ምን ይጨምራል? ምንስ አይጨምርም?

ከአራቱ የአማርኛ ዘፈን ቅኝቶች፣ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ሁለቱ የወሎ ቦታዎችን ስም የያዙ ናቸው። የአምባሰል ዘፈን ሲሰሙ ልብዎን የሚነካው ድምፃዊቱ ቃሉን ስታንቆረቁረው፣ ማሲንቆው ሲከተላት ነው። የሴት ድምፅ በአብዛኛው ከ200 ኸርትዝ በላይ ይገኛል፤ ማሲንቆውም ከቤዝ ክልል በላይ ነው የሚጫወተው። ሳብዉፈር ግን ሥራው ከ80 ኸርትዝ በታች ያለው ነው። የቤዝ ጊታር ወፍራሟ ክር 41 ኸርትዝ ገደማ ትሰጣለች፤ የከበሮው ግምታም እዚያው አካባቢ ይገኛል።

ስለዚህ ሳብዉፈር ለዘፈኑ መሬት ይሆነዋል እንጂ ዘፈኑን አይዘፍንም። ገንዘብዎ ውስን ከሆነ መጀመሪያ የፊት በር ስፒከሮችን ጥሩ ያድርጉ፤ ቤዙ ሁለተኛ ይምጣ። እናቴ ያጣችው ቤዝ አልነበረም፤ ቃሉን ነው።

ዝግ ሳጥን ወይስ ቀዳዳ ያለው?

ስፒከሩ ወደ ፊት ሲገፋ ከኋላው ያለው አየር በተቃራኒው ይሳባል። ሁለቱ ድምፆች ከተገናኙ እርስ በርስ ይጣፋሉ። ሳጥን ያስፈለገውም ለዚህ ነው፤ የኋላውን ድምፅ ከፊተኛው ይለያል፣ በውስጡ የታመቀው አየርም እንደ ሞላ ሆኖ ስፒከሩን ይገታል።

ቀዳዳ ያለው ሳጥን የኋላውን ድምፅ በልክ በተሠራ ቱቦ አሳልፎ ለጥቅም ያውለዋል። በአንድ ዓይነት ኃይል የበለጠ ይጮኻል። ነገር ግን ከዝግ ሳጥን በጣም ይተልቃል፣ የቱቦው ርዝመትና ስፋት በትክክል መሰላት አለበት፣ ልኩ ከተሳተ ደግሞ አንዲት ኖታ ብቻ እየጎላች «ዱም ዱም» የሚል ይሆናል። የወንድሜ ሳጥን እንዲያ ነበር።

ዝግ ሳጥን ያንሳል፣ በልኩ ላይ ትንሽ ስህተት ቢኖር ይታገሳል፣ ከበሮው ሲመታ ሰምቶ ሲያቆም ያቆማል። ዝቅተኛው ድምፅ ቀስ በቀስ እየቀነሰ መሄዱ እውነት ነው። ይሁንና የመኪና ካቢን ትንሽና የተዘጋ ክፍል ስለሆነ ዝቅተኛውን ድምፅ ራሱ ያጎላዋል፤ የጎደለውን ካቢኑ ይሞላልዎታል። ሌላም ጥቅም አለው። ከአስፋልቱ ወጥተው ወደ አምባሰል ተራሮች ሲገቡ የጠጠር መንገዱ አቧራ የትም ይገባል፤ ዝግ ሳጥን ውስጥ ግን አይገባም። ለቤተሰብ ፒካፕ ምርጫዬ ዝግ ሳጥን ነው።

ሳጥን መሥራትም መግዛትም ካልፈለጉ አምፕሊፋየሩ አብሮት የተገጠመ፣ ከወንበር ሥር የሚገባ ስስ ባለ 8 ኢንች ቤዝ አለ። ግድግዳ አያንቀጠቅጥም፤ ለቤተሰብ ጉዞ ግን ለብዙ ሰው ይበቃል።

የት ይቀመጥ?

ሴዳን መኪና ያለው ሰው የኋላ የዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ ጣል አድርጎት ይገላገላል። ፒካፕ ግን የጭነት ቦታው ከካቢኑ በብረትና በመስታወት ተለይቷል። ሳጥኑን እዚያ ቢያስቀምጡት ድምፁ የሚደርሰው ለመንገደኛው ነው፤ ዝናቡ፣ አቧራውና ሌባው ደግሞ ወደ እርስዎ ይመጣሉ። ስለዚህ ካቢኑ ውስጥ መግባት አለበት።

እዚህ ላይ ተፈጥሮ ትረዳናለች። የ80 ኸርትዝ ድምፅ አንድ ሞገድ 4 ሜትር ከ30 ገደማ ይረዝማል፤ የ40 ኸርትዝ ከ8 ሜትር ተኩል በላይ ነው። ይህ ከካቢኑ ርዝመት ይበልጣል። ጆሯችን እንዲህ ያለ ረጅም ሞገድ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ መለየት ይቸግረዋል። ስለዚህ ቤዙ ከኋላ ወንበር ሥር ተደብቆ ዘፈኑ ከፊት የሚመጣ ሊመስል ይችላል። ሳጥኑ መታየት የለበትም፤ የተሳፋሪ ቦታም መያዝ የለበትም።

ደብል ካቢን ውስጥ ሁለት ጥሩ ቦታዎች አሉ። አንደኛው ከኋላ ወንበር መቀመጫ ሥር ነው። ሁለተኛው በአንዳንድ መኪናዎች ከኋላ ወንበር መደገፊያ ጀርባ ያለው ጠባብ ክፍተት ነው። ከመወሰንዎ በፊት እነዚህን ያረጋግጡ።

ክሪኩና የጎማ መፍቻው የት ነው? በብዙ ፒካፖች ከኋላ ወንበር ሥር ወይም ጀርባ ነው የሚቀመጡት። ጎማ ተንፍሶ በውጫሌ መንገድ ዳር በጨለማ ሳጥን ሲፈቱ ራስዎን ማግኘት አይፈልጉም።

መቀመጫው ወርዶ በደንብ ይቆለፋል? ሳጥኑ መቀመጫውን በአንድ ጣት እንኳ ከፍ ካደረገው ሳጥኑ ትልቅ ነው ማለት ነው።

ሁሉም የመቀመጫ ቀበቶ ማያያዣዎች ይደረሳሉ? የልጅ መቀመጫ የሚታሰርባቸው ቀለበቶች ካሉስ አልተሸፈኑም?

የእግር ማሳረፊያው አልጠበበም? ትልቅ ሰው ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት ተቀምጦ ሲጓዝ ጉልበቱን መዘርጋት አለበት።

ከእነዚህ አንዱ «አይሆንም» ካለ ሌላ ሳጥን ይፈልጉ። ይህን የምለው በቀላሉ አይደለም። ሳጥን ወንበር ከወሰደ ቀበቶም ወሰደ ማለት ነው። የኛ ልጅ ያን ዕለት አያቷ ጭን ላይ ያለ ቀበቶ ሄዳለች። የጣርማበርን መታጠፊያዎች ሳስባቸው ዛሬም ይዘገንነኛል።

ልኩ እንዲህ ይወሰዳል

ሜትር ይያዙ፤ መቀመጫውን ወደ ላይ አጥፈው ወርዱን፣ ጥልቀቱንና ከፍታውን ይለኩ። የፒካፕ ወለል ብዙ ጊዜ ያዘነበለ ስለሆነ ከፍታውን ከፊትም ከኋላም ይለኩና አነስተኛውን ይያዙ። ከዚያ የካርቶን ሳጥን በዚያው ልክ ሠርተው ያስገቡት። መቀመጫውን አውርደው ከቤተሰቡ ትልቁን ሰው ያስቀምጡበት። ካርቶኑ ከተጨፈለቀ ልኩን ይቀንሱ። ወጪው ምንም ነው፤ ከጸጸት ያድናል።

አሁን ስሌቱ። ከውጭ 80 በ30 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን በ18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ ቢሠራ ከየአቅጣጫው የሁለት ጎን ውፍረት፣ ማለትም 3.6 ሴንቲ ሜትር ይቀነሳል። ውስጡ 76.4 በ26.4 በ11.4 ይሆናል። እነዚህን ያባዙና ለ1000 ያካፍሉ፤ 23 ሊትር ይመጣል። ስፒከሩ ራሱ የሚይዘውን አንድ ሁለት ሊትር ቢቀንሱ 21 ሊትር ያህል ይቀራል። ለብዙ ባለ 10 ኢንች ስስ ሳብዉፈሮች በዝግ ሳጥን ይህ የሚሠራ ልክ ነው። ሁልጊዜ ግን የስፒከሩ መመሪያ ወረቀት ላይ የተጻፈውን የሳጥን መጠን ይዩ፤ ሳጥኑ የሚታዘዘው ለዚያ ወረቀት እንጂ ለሻጩ ምላስ አይደለም።

ስፒከሩ ወደ ታች የሚመለከት ከሆነ በእሱና በወለሉ መካከል ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ክፍተት ያስፈልገዋል፤ ከምንጣፉ በላይ ሲለካ ማለት ነው። ወደ ፊት የሚመለከት ከሆነ የልጆች ጫማ እንዳይመታው ጠንካራ የብረት ወንፊት ይደረግለት።

መገጣጠሚያዎቹ በሙጫና በብሎን ጠብቀው ከውስጥ በሲሊኮን ይታሸጉ። አንድ የኛ አገር ነገር አይርሱ፤ መኪና አጣቢዎች ወለሉን በባልዲ ውሃ ያጥቡታል። ኤምዲኤፍ ውሃ ከጠጣ ያብጣል፣ ይፈርሳል። ስለዚህ ሳጥኑ ቀለም ይቀባ፣ ከሥሩም የጎማ እግር ይደረግለት።

ማሰሩን አይርሱ

ከላይ ያሰላነው ሳጥን ስፒከሩ ተጨምሮበት 16 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ተጋጭቶ በአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ ውስጥ ቢቆም፣ ያልታሰረው ሳጥን ወደ ፊት የሚገፋበት ኃይል ከ350 ኪሎ ግራም ክብደት ጋር ይስተካከላል። ለዚህ ነው በምንጣፍና በሽቦ ብቻ ተይዞ መሄድ የሌለበት። በብረት ማሰሪያና በብሎን ከመኪናው አካል ጋር ይታሰር። ወለሉ ከመበሳቱ በፊት ግን ሠራተኛው ከሥር ገብቶ ይመልከት፤ የነዳጅና የፍሬን ቱቦዎች በዚያ ያልፋሉ።

ሽቦውና ባትሪው

የአምፕሊፋየሩ ዋና ሽቦ በቀጥታ ከባትሪው ይምጣ እንጂ ከቴፑ ሽቦ አይቀጠል። ከባትሪው በ45 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ፊውዝ ይኑረው። ፊውዙ የሚጠብቀው አምፕሊፋየሩን ሳይሆን ሽቦውን ነው፤ ሽቦው ተልጦ ብረት ቢነካ ካልተቆረጠ በስተቀር ይቀጣጠላል። ሽቦው ከሞተሩ ወደ ካቢን በሚገባበት ቀዳዳ ላይ ጎማ ይደረግበት። የመሬት ሽቦው አጭር ይሁን፤ ቀለሙ ተፍቆ ንጹሕ ብረት ላይ ይታሰር።

500 ዋት በትክክል የሚሰጥ ዘመናዊ አምፕሊፋየር ሙሉ በሙሉ ሲሠራ 45 አምፒር ያህል ይስባል። ዘፈን ሁልጊዜ ሙሉ ኃይል አይጠይቅም፤ ይሁንና በአማካይ 12 አምፒር ብቻ ቢስብ እንኳ በሁለት ሰዓት ተኩል 30 አምፒር ሰዓት ይበላል። ይህ የአንድ ባለ 60 ባትሪ ግማሽ ነው። ባትሪው ትንሽ ካረጀ ሞተሪኖውን ለማዞር አቅም አይቀረውም። ሐይቅ ዳር የደረሰብን ይኸው ነው። ሞተር ሲጠፋ ቤዙም ይጥፋ። ደግሞም በሐይቅ እስጢፋኖስ አቅራቢያ ቤዝ ከፍቶ መቆም ከነውርም ነውር ነው፤ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ጸሎትና ትምህርት የኖረበት ገዳም ነው።

ለማስተካከል ሁለት ሰው ይበቃል

መጀመሪያ የቴፑን ሁሉንም የቤዝ ማጉያዎች ወደ ዜሮ ይመልሱ። የሳብዉፈሩን ማጣሪያ 80 ኸርትዝ ላይ ያድርጉ። ቴፑ የሚፈቅድ ከሆነ የፊት ስፒከሮቹ ከ80 በታች ያለውን እንዳይጫወቱ ያድርጉ።

ከዚያ ከበሮ ያለበት ዘፈን ከፍተው አንድ ሰው ሾፌር ወንበር ላይ ይቀመጥ፤ ሌላው ከአምፕሊፋየሩ ጠፍቶ እያለ የሳብዉፈሩን ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ሽቦ ያቀያይር። ቤዙ ሞላ ብሎ የተሰማበት አገጣጠም ትክክለኛው ነው። በተሳሳተው አገጣጠም ቤዙና የፊት ስፒከሮቹ ይጣፋሉ፤ ብዙ ሰው «ቤዙ ደካማ ነው» ብሎ ትልቅ ሳጥን የሚገዛው በዚህ ምክንያት ነው።

በመጨረሻ የቤዙን መጠን ከዜሮ ጀምረው እስኪሰማ ድረስ ይጨምሩ፤ ከዚያ ትንሽ ይቀንሱ። ልኩን የሚያውቁት እንዲህ ነው፤ ቤዙ ክፍት ሆኖ ማንም አያስተውለውም፤ ሲዘጋ ግን ሁሉም «ምን ጎደለ?» ይላል። ፍርዱንም ከሾፌሩ ወንበር አይስጡ። ከኋላ ወንበር ይቀመጡና የዘፈኑ ቃል ይሰማ እንደሆነ ያዳምጡ።

የልጆች ጆሮ

ከወንበሩ ሥር ሳጥን ካስገቡ ከሳጥኑ በላይ የሚቀመጠው ልጅዎ መሆኑን አይርሱ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ 80 ዴሲቤል፣ ለልጆች 75 ዴሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ይፈቅዳል። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ 81 ዴሲቤል ላይ የልጅዎ የሳምንት ድርሻ 10 ሰዓት ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ ደሴ የአንድ ቀን ጉዞ ይህን ሊጨርሰው ይችላል። 87 ላይ ደግሞ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው።

የስልክ ድምፅ መለኪያ መተግበሪያ ቤዝን አሳንሶ ስለሚለካ ለግምት ብቻ ይጠቀሙበት። ቀላሉ መለኪያ ይሄ ነው፤ ከኋላ ያለው ልጅ በተለመደ ድምፁ «ውሃ» ሲል ከፊት ካልተሰማዎት ዘፈኑ በዝቷል።

እናቴ ምን አለች?

ወንድሜ ትልቁን ሳጥን ሸጦ አሁን ከነገርኩዎት ልክ ጋር የሚቀራረብ ዝግ ሳጥን አሠርቶ ከወንበሩ ሥር አስገባ። በሚቀጥለው ዓመት እናቴን ይዘን ስንመለስ ልጃችን የራሷ ቦታ ላይ፣ የራሷን ቀበቶ አስራ ተቀመጠች። ሐይቅን አልፈን ወደ ውጫሌ ስንቃረብ ያው የአምባሰል ዘፈን ተከፈተ። እናቴ በመጀመሪያ ዝም ብላ አዳመጠች። ቆየት ብላ ከዘፋኟ ጋር ቀስ እያለች ማዜም ጀመረች፤ ልጃችንም «አያቴ፣ እሱ ምን ማለት ነው?» እያለች ቃል በቃል ትጠይቃት ጀመር።

ወንድሜ አላስቻለውም። «እማዬ፣ ቤዙ እንዴት ነው?» አላት።

«የቱ ቤዝ?» አለች እናቴ፤ «ያንን ሳጥን ጣልከው አይደል እንዴ?»

ከሥሯ ነበር። ውድ አንባቢ፣ የርስዎም ሳጥን እንዲህ የማይታወቅ ይሁን። በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ መልካም ጉዞ!